ባለ አራት ቀዳዳው ወረቀት

ሽማግሌው ከመደርደሪያው ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። መሰላሉ ደረታቸው ላይ ተጋድሟል፤ ከላይ የወደቀው ካርቶን ተቀዶ የድሮ ፈተና ወረቀት ወለሉን አልብሶታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲውን የፈተና ወረቀት የጠበቁት፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ማህደር» የሚላቸው ሰው፣ በገዛ ወረቀቶቻቸው መሀል ሞተዋል።

«ዕድሜ ነው እንግዲህ» አሉ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆመው። «መሰላል አይውጡ ብዬ ስንቴ መከርኳቸው!»

ኢንስፔክተሯ አልፋቸው ገባች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የገባችበትን ሳትወጋ ስለማትወጣ ነው። ተንበርክካ የሟቹን ፊት አየች። ወፍራም የማንበቢያ መነጽር አፍንጫቸው ላይ ተጣሞ ቀርቷል። ሌላ ቀጭን መነጽር ደግሞ በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለቱንም ደጋግማ አየቻቸውና ተነሣች።

አስከሬኑን ያገኘችው ተማሪ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ምን ልታደርጊ መጥተሽ ነው?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ከምሳ በኋላ ነይ ብለውኝ ነበር። ውጤቴን ተቃውሜያለሁ። የመጨረሻ ዓመት ነኝ፤ ጥሩ አድርጌ የሠራሁት ፈተና ላይ ኤፍ ሰጡኝ።»

«ተቃውሞ የሚቀርበው ለእሳቸው ነው?»

«አይደለም። መጀመሪያ መምህሩን አናገርኩ፤ ‹እኔ አልሳሳትም› ብለው መለሱኝ። ከዚያ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አመለከትኩ። ኃላፊው ከፈረሙበት ጋሼ ማህደር ወረቀቱን አውጥተው ሌላ መምህር እንዲያርመው ይልካሉ፤ በመጨረሻ ኮሚቴ ይወስናል። ዛሬ ጠዋት ነው የተፈረመልኝ። ቀነ ገደቡ ደግሞ ነገ ነው።»

«ጠዋት እዚህ ስትጮሂ ነበር ይላል ጥበቃው።»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጮኬያለሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ‹ልጄ፣ ወረቀት አይዋሽም፣ ቁጭ በይ› አሉኝ። ለሌላ ተማሪ ከላይ ሣጥን ሊያወርዱ መነጽራቸውን ሲቀይሩ ሳልወድ በግድ ሳቅሁ።»

«መነጽር መቀየር ለምን አስፈለጋቸው?»

«በማንበቢያው መሰላል አይወጡም። ‹ወለሉ ይንሳፈፍብኛል› ይላሉ። አንዱን ሲያወልቁ ሌላው ይጠፋባቸዋል፣ አንገታቸው ላይ ሆኖ።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ለዘብ አለ፤ «እዚሁ ጠብቂኝ፣ የትም እንዳትሄጂ» አለች።

የትምህርቱ መምህር ቢሮ ውስጥ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠበቋት።

«ከሟቹ ጋር ባለፈው ሳምንት ተጣልተዋል» አለቻቸው።

«አልደብቅም። አንገቴ ቢቆረጥ ያረምኩት አይከለስም ብያቸዋለሁ። ሃያ ዓመት አስተምሬ የልጅ ክስ ልሰማ?»

«ዛሬ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓትስ የት ነበሩ?»

«ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሜ ሳስተምር። አንዱንም ሳላስነጥስ!»

«የዚህን ፈተና ወረቀት ማን ሰብስቦ አመጣልዎ?»

«ረዳቴ ናት የፈተነችው። ስድስት ሰዓት ላይ ፈተናው አለቀ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ቆጥራ አስረከበችኝ። ሽፋኑ ላይ መለያ ቁጥር እንጂ ስም የለም፤ ማንን እንደማርም አላውቅም።»

ረዳት መምህርቷ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ንግግሯ የተለካ ሴት ነበረች። የመልእክት ማስረከቢያ ደብተሩን ራሷ ገልጣ አሳየች።

«የልጅቷን ማመልከቻ ኃላፊው በእኔ እጅ ነው የላኩት። ይኸው፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ፈርመው ተቀበሉኝ። ፈርመው እንደጨረሱ መሰላሉ ላይ ወጡ። ‹ይጠንቀቁ› ብያቸው ወጣሁ። ምነው እግሬን በሰበረው፣ ቆሜ በያዝኩላቸው!»

«ቀጥታ ከወንበራቸው ተነሥተው?»

«ቀጥታ።»

በሩ ተከፈተና አንድ ወጣት የውሃ ጠርሙስ ይዞ ገባ። «እታለም፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም እኮ…» ኢንስፔክተሯን ሲያይ ደነገጠ። «ይቅርታ፣ መምህር… እርስዎን ፈልጌ ነበር።»

«በኋላ ና» አለችው ረዳት መምህርቷ ቶሎ ብላ። ወጣቱ ውሃውን እንኳ ሳያስቀምጥ ወጣ።

«ተማሪሽ ነው?»

«አዎ። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ማህደር ክፍሉ ተመለሰች። የዚያ ፈተና ወረቀቶች በደረቷ ትይዩ በሆነ መደርደሪያ ላይ፣ በክር ታስረው ተቀምጠዋል። መሰላል የሚያስፈልገው ነገር የለም። ክሩን ፈታች፤ አርባ አንዱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር። ስትጨርስ ሁለቱን ብቻ ለይታ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም የቅሬታ ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ክፍል ውስጥ አስጠራቻቸው፤ ኃላፊው፣ መምህሩ፣ ረዳቷ፣ ልጅቷና ያ ወጣት ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ማንም ማንንም አያይም።

«ጋሼ ማህደር ከመሰላል አልወደቁም» አለች ኢንስፔክተሯ። «የማንበቢያ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ነው የሞቱት፤ በእሱ ደግሞ መሰላል አይወጡም። ሐኪሙም ደረታቸው ላይ የመሰላል ምት አላገኘም። የሞቱት የጭንቅላታቸው ኋላ የመደርደሪያ ብረት መትቶት ነው። መሰላሉ ከዚያ በኋላ የተጋደመባቸው ነው። ስለዚህ ተቀምጠው ሲያነቡ ነበር። ምን?»

«የእኔን ወረቀት» አለች ልጅቷ በቀስታ።

«አዎ፣ ያንቺን። አንድ ነገር ደግሞ አይተውበታል።» ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «ሠላሳ ዘጠኙ ወረቀቶች ጥጋቸው ላይ አንድ የስቴፕለር ሽቦ፣ ሁለት ቀዳዳ ብቻ አላቸው። እነዚህ ሁለቱ ግን አራት አራት። ሽቧቸው ተነቅሎ እንደገና ተመትቷል። የዚህን ሽፋን የድሮ ቀዳዳ ከራሱ ገጾች ጋር ብታስተያዩት አይገጥምም፤ ከዚያኛው ገጾች ጋር ግን ልክ ይገጥማል። ሽፋኖቹ ተለዋውጠዋል። ከስልሳ ሃምሳ ሦስት ያገኘው የልጅቷ ሥራ በሌላ ሰው ቁጥር፣ የዚያ ሰው ሃያ አራት ደግሞ በእሷ ቁጥር ተመዝግቧል። የሁለቱን የቤት ሥራ አስመጥቼ የእጅ ጽሑፋቸውን አስተያይቻለሁ።»

መምህሩ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። 

«መምህሩ ልጅቷን መጣል ቢፈልጉ ማርኩን መቀነስ ይበቃቸው ነበር፤ ሽፋን ምን ያደርግላቸዋል? በዚያ ላይ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበሩ። ኃላፊው እነዚህን ወረቀቶች ነክተዋቸው አያውቁም። ልጅቷም ብትሆን ያንን ወረቀት እንዲከፍቱላት እሳቸውን የሙጥኝ ብላ ነበር። ከፈተናው አዳራሽ እስከ መምህሩ ቢሮ ድረስ፣ ለሦስት ሰዓት ተኩል፣ ወረቀቶቹ በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። ማመልከቻውን ወደ ማህደር ክፍሉ ያደረሰውም ያው ሰው ነው። ሽማግሌው ፈርመው ቀጥታ መሰላል ወጡ ያለውም እሱ ብቻ ነው።»

ረዳት መምህርቷ ጠረጴዛው ላይ አፍጥጣ ቀረች።

«ተማሪ መምህርቱን ‹አንቺ› አይልም» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ወጣቱ ዞራ። «‹እታለም› ደግሞ የሚባለው በቤት ነው። ሁለተኛው ወረቀት ያንተ ነው። ታላቅ እህትህ ናት፣ አይደለም?»

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። «የእናቴ ልጅ ናት። ስለ ወረቀቱ ግን… እግዜር ምስክሬ ነው፣ አላውቅም።»

«አያውቅም» አለች እህቱ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለ። «እሱን ተዉት። ሽማግሌው እንደተቀበሉኝ እዚያው የልጅቷን ወረቀት ከፍተው አዩት። ‹ማን ነካካው?› አሉ። ፈታኟ እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ‹ልጄ፣ ራስሽ ሄደሽ ተናገሪ፤ እስከ ምሳ እጠብቅሻለሁ› አሉኝ። ለመንኳቸው። ወረቀቱን ልነጥቃቸው ስጎትት ተነሥተው አልለቅም አሉ። ገፋኋቸው።»

«ወረቀቱን ለምን አላጠፋሽውም?»

«ቢጠፋ ይፈለጋል። በቦታው ከተገኘ ግን ሁለተኛው አራሚም ያንኑ ኤፍ ነው የሚሰጣት ብዬ…»

«ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ ይላል» አለች ኢንስፔክተሯ።



«ሲያቃስቱ እሰማ ነበር» አለች ረዳት መምህርቷ። «መሰላሉን እየጎተትኩ።»

ወጣቱ ከወንበሩ ተነሣ። «እታለም፣ እኔ እኮ ወድቄያለሁ፣ እደግመዋለሁ ብዬሽ ነበር።»

«ሁለተኛ ብትወድቅ ያባርሩህ ነበር። ለእማዬ ምን ልላት ነው?»

«አሁንስ ምን ልትያት ነው?»

 ፖሊሱ ክንዷን ይዞ ሲያስወጣት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ ዞረች፤ ወንድሟ ግን መስኮቱን ነበር የሚያየው።

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠርገው የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ከመሳቢያ አወጡ። ቀነ ገደቡ ያ ቀን ነበር። መምህሩ ብዕር ይዘው ቅጹ ላይ ብዙ ቆዩ፤ በመጨረሻ ፈርመው ወደ ልጅቷ ገፉላት።  እሷም ቅጹን ሳታነብ ፈረመችና ጠረጴዛው ላይ ጭንቅላቷን ደፍታ ስለ ሽማግሌው አለቀሰች።

ወጣቱ ቀረብ ብሎ እጁን ዘረጋ። «ለእኔም አንድ ቅጽ ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ውጤት አነሰኝ ለሚል ተማሪ ነው» አሉት ኃላፊው።

«የእኔ በዝቷል» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።