ማታ የሚነጋለት ሰው

ልብስ ሰፊዋ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆንላት ብሏል። ከአልጋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አልጋው ትመላለሳለች። መጋረጃውን ትገልጣለች፤ ብርድ ልብሱን ታስተካክላለች፤ መልሳ ታበላሸዋለች። እጮኛዋ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ከገባ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ሐኪሟ እስካሁን ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ይሰማ እንደሆነ ስትፈትነው ምንም ምላሽ አልሰጠም። የመጨረሻው ፈተና ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያኔም ዝም ካለ እናቱ ሩቅ ከተማ ወዳለ የማስታመሚያ ቤት ልትወስደው ቆርጣለች። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ብትሆን አይሆንም የማለት መብት ነበራት፤ እጮኛን ግን ማን ይሰማታል?

ሰውየው ዳቦ ጋጋሪ ነው። የተገናኙት ንጋት ላይ፣ እሱ ከሥራ ሲወጣ እሷ ስትገባ ነበር። ትኩስ ዳቦ ሰጣትና «ደህና እደሪ» አላት።

«ነጋ እኮ!»

«ለእኔ መሽቷል።»

ከዚያ ወዲያ ስሙ «የሌሊት ወፌ» ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች የንጋት ግማሽ ሰዓት ተፋቀሩ። በኋላ ግን መረራት። «ስነቃ ትተኛለህ፣ ስተኛ ትነቃለህ። እንዲህ ያለ ትዳር የለም» አለችው። እሱም ሊያስደስታት ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፉን ትቶ የሚከራይ ቤት ሲያፈላልግ አብሯት ዋለ። በአራተኛው ቀን ሊያዩት በሄዱበት ቤት ደረጃ ላይ እግሩ ከዳው፤ በጭንቅላቱ ወደቀ።

«ልጄን እንቅልፍ የነሳሽው አንቺ ነሽ» ትላታለች እናቱ። እውነት መሆኑን ልብስ ሰፊዋም ታውቃለች።

አመሻሹ ላይ ነርሷ ሙቀቱን ለክታ ወረቀቱ ላይ ጻፈች።

«ትኩሳት አለው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የለውም። የጤነኛ ሰው ሰውነት ቀን ትንሽ ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ አንጎል ነው የሚያዘው። የእሱ ሙቀት መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። ሰሞኑን ከፍ ዝቅ ማለት ጀምሯል፤ ይሄ ደግ ምልክት ነው። ግን ተገልብጦበታል፣ የሚሞቀው ሌሊት ነው። ለቢሮ ሠራተኛ ግራ የሚገባ ነገር ነው።»

«የምን ቢሮ?»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው እናትየው አንገቷን ደፋች። ዱቄት ውስጥ የሚያድር ልጅ አለኝ ማለት አፍራ፣ ለጎረቤት ስትናገር የኖረችውን ለሆስፒታሉም አስመዝግባ ኖሯል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። የእናትየው ዓይን «አደራሽን» ይላል። ብትናገር ይህች ሴት እስከ ዕለተ ሞቷ ይቅር አትላትም። ዝም ብትል ደግሞ ነገ ከባድ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ጠይቀው ሊፈርዱበት ነው።

«ዳቦ ጋጋሪ ነው» አለች ነርሷን እያየች። «አሥር ዓመት ሙሉ የሚነቃው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ለእሱ ውድቅት ነው።»

ሐኪሟ ተጠርታ ወረቀቱን አገላበጠች። «ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም። ግን ፈተናውን ወደ ነገ ማታ እናዛውረው» አለች።

በማግስቱ ቀኑ አልመሽ አለ። ልብስ ሰፊዋ ሥራ ገብታ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፤ ፈታች፤ ደግማ ገልብጣ ሰፋችው። እናትየው ጠዋት አላናገረቻትም፤ ማታም አላናገረቻትም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሐኪሟ እጁን ይዛ «ጨብጠኝ» አለችው። ዝም። ደገመችው። ዝም። ወረቀቷን ልታነሳ ስትል እናትየው ከጥግ ሆና፣ «እሷ ትሞክር» አለች። «ከእኔ ይልቅ እሷን ይሰማል።»

ልብስ ሰፊዋ እጁን ያዘች። «የሌሊት ወፌ፣ መሽቷል። ጨብጠኝ እስቲ።»

ቆየ። ከዚያ ጣቶቹ ቀስ ብለው እጇን ጨበጡ።

«ሳይሰማ እጁ በራሱ ጨብጦ ሊሆን ይችላል» አለች ሐኪሟ። «ልቀቀኝ በዪው።»

«አልልም።»

«መስማቱን የምናውቀው ከለቀቀሽ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። «በል ልቀቀኝ» አለችው፣ እንዳይለቃት እየፈራች፣ እንዲለቃት እየለመነች።

አንድ ጣት ላላ። ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ እጁ ሙሉ በሙሉ ተከፈተና ለቀቃት።