የወለተሐና ጫማዎች

ዶክተር ቴዎፍሎስ ደብረ ብርሃን ውስጥ የልጆችን ትኩረት ለሚፈትኑበት ጥናታቸው በተከራዩት ክፍል፣ በሩ ሥር ወድቀው ሞተው ተገኙ። ማንደጃው ገና ፍም ይዟል። ድምፅ እንዳይገባ የተሰቀለው ብርድ ልብስ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። በሩ ደግሞ ከውጭ ተቀርቅሯል። የከሰሉ ጭስ እንደገደላቸው ግልጽ ነበር። የቀረቀረው ማን ነው ለሚለው ግን ሰዉ ከፖሊስ ቀድሞ መልስ አዘጋጅቷል፤ ወለተሐና ናት አለ።

ወለተሐና ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ የገባችው የጥሩዬ ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም፤ መቀርቀሪያ ካየች እየዘጉ መክፈት ነው ጨዋታዋ። ጎረቤቱ ሁሉ ጋኔን አለባት ሲል፣ «ጥፋቷ አይደለም፤ ትኩረቷን መያዝ ያቅታታል፣ በትዕግሥት ትለምዳለች» ያሏት ዶክተሩ ብቻ ነበሩ። እኚያን ሰው ገደለች ተባለ! አሁንማ በሰንሰለት ትታሰርና ጸበል ትግባ የሚለው በርክቷል። ጥሩዬ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ተቀመጠች። ልጇን ከነጠቋት ምን ይዛ ትኖራለች?

ኢንስፔክተር ይመኙሻል ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ የልጅቷን ጫማዎች ስታይ ቆየችና ጥሩዬን አስጠራች። ጥሩዬም ልጇን ለዶክተሩ ረዳት ለገብረአማኑኤል አስረክባ ውኃ ልትቀዳ እንደሄደች ነገረቻት።

«ስመለስ ጫማዋ ደጃፉ ላይ ነበር፤ ጎን ለጎን። ለወጉ እንኳ አንድ ቀን እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ለመደችልኝ ብዬ ደስ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ገብረአማኑኤል ፈተናው ተጀምሯል ብሎ ወደ አጥሩ በር ወሰደኝ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ይደበደብ ጀመር።» ጥሩዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልጅ ቢያለቅስም ቢደበድብም ፈተናው ሳያልቅ በር መክፈት ክልክል ነው፤ ወላጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። «‹ተያት፣ ሲደክማት ትተዋለች› አለኝ። ተውኳት።»

«የዶክተሩን ድምፅ አልሰማሽም?»

«ጉንፋኑ ድምፃቸውን ከዘጋው ሰንብቷል።»

የቤቱ ባለቤት አባ ገብረመንፈስቅዱስ በጸበል ነገር ከሟቹ ጋር ተጣልተው ስለነበር እሳቸውም ተጠረጠሩ። ቄሱ ግን ልጅቷን ጓሯቸው ውስጥ በባዶ እግሯ፣ ዳቦ ይዛ ዶሮ ስታባርር እንዳገኟት ተናገሩ። ማን ሰጠሽ ሲሏት «ጋሼ» ብላለች። የሷን ቃል ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል ብለው ተዉት።

በማግስቱ ይመኙሻል ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«ጫማዋን ማን አወለቀላት?» ስትል ገብረአማኑኤልን ጠየቀችው።

«ራሷ። አውልቃ ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ኋላ ወጥታ ቀርቅራባቸው ሮጣለች።»

ይመኙሻል ልጅቷን ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ አለቻት። አንዱ ጫማ ግድግዳው ሥር አረፈ፣ ሌላው ግቢው መሃል። እንደገና አስደረገቻት፤ ያው ሆነ።

«ጫማውን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው» አለች ይመኙሻል። «እናትየው ልጄ ውስጥ ናት ብላ እንድታምን ፈልጓል። ለምን? ዶክተሩ በሩን ሲደበድቡ ልጄ ናት ብላ እንዳትከፍት! አባ ስለ ፈተናው ደንብ አያውቁም። አንተ ታውቃለህ። ጫማዋን አውልቀህ፣ ዳቦ አስይዘህ በአጥሩ ቀዳዳ ሰደድካት። ፍሙን አስገብተህ ቀረቀርክባቸው።»

«ለምን ብዬ?»

«ፈተንኳቸው ያልካቸውን ልጆች እናቶች መጠለያው ሄጄ ጠየቅኋቸው። መልክህን እንኳ አያውቁትም። ውጤቱን ከራስህ ፈጥረህ ነው የጻፍከው፤ ዶክተሩም ደርሰውብህ ነበር።»

«የዚህችን እብድ ቃል ታምኛለሽ?»

«የሷን ቃል ገና አልጠየቅኩም» አለችው። ገብረአማኑኤል ጫማዎቹን አየ።

ሲወስዱት፣ ትናንት ሰንሰለት ሲሉ የነበሩት ልጅቷን ሊስሙ ተሻሙ። ጥሩዬ ግን የይመኙሻልን እጅ ያዘች።

«የኔ እህት፣ ያን ጊዜ ብከፍተው ይድኑ ነበር?»

ይመኙሻል መዋሸት አልሆነላትም። «ይድኑ ነበር» አለቻት።

ጥሩዬ ጎንበስ ብላ ጫማዎቹን ለቀመች። ይህን ጊዜ ወለተሐና ሰው ሰልችቷት ወደ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘግታ ኖሮ ከውስጥ በጡጫዋ ትደበድበው ጀመር። ጥሩዬ ጫማዎቹን ጥላ ሮጠች፤ በሩን በርግዳ ልጇን እቅፍ አደረገቻት። ልጅቷ ልቀቂኝ ብላ ብትወራጭም አልለቀቀቻትም።