በአየር ወይስ በውሃ

«አጥፊው» አለች እናቷ በበሩ በኩል አንገቷን ብቻ አስግጋ። «ትንፋሹ አልሰማ አለኝ።»

ምስማር ኮምፒውተሩን አጠፋችው። ማራገቢያዎቹ እያጓሩ ቆይተው ዝም ሲሉ ከግድግዳው ማዶ የአባቷ ትንፋሽ ተሰማ። እንደ ደነዘ መጋዝ ይሻክራል፤ ቆም ይላል፤ ደግሞ ይቀጥላል። እናቷ ሰምታ ስታበቃ በሩን በቀስታ ዘጋችው።

«ምስማር» ብሎ ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ቀጭን ናት፤ ደግሞ አንዴ ከገባች አትነቀልም። አናጢ ነበር። ብናኙ ሳንባውን ከበላው በኋላ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን» አለ። ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳት ባይኖርም ገብቷታል።

እሷና ጓደኛዋ ጮሌ ለትምህርት ቤቶች ውድድር አጭር አኒሜሽን ሠርተዋል። የቀረው ኮምፒውተሩ ምስሎቹን አቀናብሮ ፊልም ማድረጉ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቀን ከሌት መሥራት አለበት። ሥራ ሲበዛበት ምስሎቹን የሚያቀናብርለት ግራፊክስ ካርዱ ይግላል። ሲግል ማራገቢያዎቹ ያብዳሉ። ያን ጊዜ እናቷ ባሏ ይተንፍስ አይተንፍስ መለየት ያቅታታል።

«ማራገቢያውን ነቅለን በውሃ እናቀዝቅዘው» ብላ ነበር ጮሌ። «ፓምፑ ውሃውን በቱቦ ያዞረዋል፤ ኮሽታ የለውም። የአጎቴ ልጅ የማይፈልገው አለው።»

«ቢያፈስስ?»

«ሞክሬዋለሁ አልኩሽ። ጠብ አትልም።»

ዛሬ ከትምህርት ቤት መልስ ጮሌ ዕቃውን በፌስታል ይዛ መጣች። ምስማር ካርዱን በካቻቢቴ ፈትታ አባቷ በሠራላት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ማራገቢያዎቹን ከመንቀሏ በፊት የቱቦውን መጋጠሚያ ዳበሰችው። አባቷም ያልዳበሰውን እንጨት አይቆርጥም ነበር። አውራ ጣቷ ላይ አረንጓዴ ቅርፊት ተጣበቀ።

«ይሄ ምንድነው?»

«አቧራ ነዋ።»

«አረንጓዴ አቧራ?»

ጮሌ ወደ መስኮቱ ዞረች። «መጋጠሚያው ሲያፈስስ ዝጎ ነው፤ የአጎቴን ልጅ ካርድ ያቃጠለው እሱ ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን አጥብቆታል።»

«ካጠበቀው በኋላ ሞከራችሁት?»

«አታካብጂ ባክሽ። ሰኞ ካላስገባን እኮ የለፋነው ሁሉ አፈር በላው።»

«ሞከራችሁት ወይ ነው የምልሽ።»

«አልሞከርነውም።»

ምስማር አፏ ላይ የመጣውን ልትናገር ስትል ከግድግዳው ማዶ የሚሻክረው ድምፅ ቆመ። የእናቷ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። «ኧረ ተው» የሚል የእናቷ ድምፅ፣ ለብቻዋ የምታወራ ይመስል። ቆየ። ከዚያ ትንፋሹ ተመለሰ፤ ከቅድሙ የቀጠነ።

የጮሌ ፊት አመድ መስሏል። «ሁሌ እንዲህ ነው?»

«ማራገቢያው ሲጮህ አይሰማም እንጂ።»

ምስማር ካርዱን ከነማራገቢያው ወደ ቦታው መልሳ ብሎኖቹን አጠበቀች። ሽቦዎቹን ጠቀለለች።

«ቤትሽ ውሰጂው» አለች።

«ኮምፒውተሩን? ማንም ሲነካው አትወጂም እኮ።»

«በማራገቢያው ይሥራ። እናንተ ቤት እንደፈለገ ይጩህ።»

ጮሌ ኮምፒውተሩን አቀፈችው እንጂ አላነሳችውም። «ባበላሸውስ?»

ምስማር ጣቷ ላይ የቀረውን አረንጓዴ በጨርቅ ጠረገች።

«ካበላሸሽው ንገሪኝ» አለች። «ሌላ አልልሽም።»

ኮምፒውተሩን ለጓደኛዋ አሸክማ በር ከፍታ ሸኘቻት። ከዚያ ወንበሯን አንስታ ወደ አባቷ ክፍል ገባች። እናቷ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«እማዬ፣ አንቺ ጋደም በይ» አለች ምስማር ወንበሯን ወደ ትራሱ እያስጠጋች። «አሁን እኔ አዳምጠዋለሁ።»