የታጠቡት እንቁላሎች

ድንቢጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ድንቢጥ የቤት ስሟ ነው፤ ቀጭንና ፈጣን ስለሆነች፣ አንድ ቦታ መቀመጥም ስለማይሆንላት ነው ያወጡላት። የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ ከፊት ጠበብ ከጓሮ ሰፋ ባለች ቤት ውስጥ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ እናቷ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ጓሮው ውስጥ ሽንኩርትና ጎመን፣ ሁለት ፍየሎችና ጥቂት ዶሮዎች አሉ። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በጓሮው አይደለም። ደስ ስለሚላቸው ብቻ ነው የሚደክሙበት።

አባቷ ጓሮ ሲገባም ልብስ ሰፊነቱ አይለቀውም። መደቡን የሚለካው አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥለው ሜትር ነው። እናቷ ታዲያ፣ "የአንተ ሽንኩርት እኮ እንደ ሸሚዝ አዝራር ነው የተደረደረው" እያለች ትስቅበታለች።

ቀይዋ ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍም ከስፌት ክፍሉ ሰማያዊ ጠመኔ አመጣና በየእንቁላሉ ላይ መስመር አሰመረ። ለምን መሰላችሁ? ሌሎቹ ዶሮዎች ሹልክ እያሉ እየመጡ እዚያው ጎጆ ውስጥ ይጥላሉ። መስመር ያለው ለጫጩት ይቀመጣል፤ የሌለው ለኩሽና ይለቀማል። በአንደኛው ላይ ግን ከመስመር ይልቅ አፍንጫው ትልቅ የሆነ ፊት ሳለበት። ያ የድቡሽ ነው። ድቡሽ የድንቢጥ ታናሽ ወንድም ነው፤ ገና አምስት ዓመቱ። ከዚያ እንቁላል የሚወጣው ጫጩት የራሱ እንደሚሆን ቃል ተገብቶለታል። ጠዋት ጠዋት እየሄደ እንቁላሉን "ደህና አደርክ?" ይለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሁሉም ጓሮ ወጡ። ዝናቡ አብቅቶ ሽንኩርት የሚነቀልበት ጊዜ ደርሷል። አባት ይነቅላል፣ እናት አፈሩን ታራግፋለች፣ ድቡሽ ፀሐይ ላይ ያሰጣል።

"ድንቢጥ፣ አንቺ እንቁላል ልቀሚ" አለቻት እናቷ። "ምልክት ያለውን እንዳትነኪ፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ እማዬ! ሕፃን ነኝ እንዴ?"

ድንቢጥ ስትደርስ ቀይዋ ዶሮ እህል ልትለቅም ወርዳ ነበር። እንቁላሎቹ ላይ ጭቃና ላባ ተለጥፏል። "ወይኔ፣ ጫጩቶቹ በቆሻሻ ውስጥ ሊያድጉ ነው? ባጥባቸው እኮ እማዬ ጉድ ትላለች" ብላ አሰበች። ልጆች፣ አትንኩ ወደተባልነው ነገር እጃችን የሚሄደው ብዙ ጊዜ ጥሩ ምክንያት አበጅቶ ነው።

ምልክት ያለውንም የሌለውንም አንድ ሳህን ላይ ሰብስባ ቧንቧው ዘንድ ወሰደችው። አንዱን አሸች፤ ሌላውንም አሸች። ስትጨርስ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሰማያዊ ሆኗል።

የልብስ ሰፊ ጠመኔ እኮ ልብሱ ሲታጠብ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው!

ድንቢጥ እንቁላሎቹን ትክ ብላ አየቻቸው። ሁሉም ነጭ። ቅድም ሞቃት የነበሩትም በውሃው በርደዋል። አንዱን አነሳች። ይሄ ይሆን? አስቀመጠችው። ወይስ ይሄኛው? ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው፤ ምንም አይሰማም። ማጠብ ጥፋት ነው እንዴ? ንጽሕና ጥሩ ነው ሲባል አይደል የኖረው? ግራ ገባት። ቀና ስትል አባቷ ከሩቅ እጁን አወዛወዘላት። እሷም አወዛወዘች። ያኔውኑ ልትነግረው ትችል ነበር።

አልነገረችውም። ሹልክ ብላ ስፌት ክፍል ገባች፤ ጠመኔውን ወሰደች፤ እንቁላሎቹን አደረቀችና በግምት እየመረጠች መስመር አሰመረች። አንዱ ላይም ፊት ሳለች። እነዚህን ጎጆ ውስጥ መለሰች፤ የቀሩትን ኩሽና አስቀመጠች።

ድቡሽ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ።

"የኔስ?"

"ደህና ነው።"

አንገቱን አስግጎ ጎጆውን አየ። "አፍንጫው አነሰ።"

"እ… ብርድ ነው። ሲበርድ አፍንጫ ያንሳል።"

ድቡሽ የራሱን አፍንጫ በጣቶቹ ለካ። "የኔ አላነሰም" አለና ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ።

ትንሽ ቆይቶ አባቷ ጎጆውን አይቶ ራሷን ዳበሳት። "ጎበዝ የኔ ልጅ! ሁሉም በቦታው ነው።"

ድንቢጥ ይበልጥ ተምታታባት። አባዬ ሁሉም በቦታው ነው ካለ፣ በቦታው ይሆን? ምናልባት ትክክለኞቹን መርጣ ይሆናል። ታዲያ የአባቷን ዓይን ማየት የፈራችው ለምንድን ነው? ከበሩ ኋላ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። "አምላኬ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ንገረኝ" አለች። እግዚአብሔር ስለ እንቁላሎቹ አልነገራትም። ምን ማድረግ እንዳለባት ግን ሳይነገራትም ታውቅ ነበር።

በዚህ መሃል ከኩሽና የዘይት ድምፅ ተሰማ። "ዛሬ ደክሞናል፣ እንቁላል ጠብሼ እንበላለን" አለች እናቷ። ድንቢጥ ሮጣ ስትገባ እናቷ አንዱን እንቁላል ከመጥበሻው ጠርዝ ልታጋጨው ነው።

"እማዬ፣ እንዳትሰብሪው!"

"ምን ሆንሽ? አስደነገጥሽኝ እኮ!"

"ጫጩት ሊኖርበት ይችላል።"

አባቷ ከኋላዋ ሳቀ። "አይዞሽ፣ ምልክት ያላቸው ጎጆ ናቸው። አሁን አይቻቸው መጣሁ።"

"ምልክቱ የኔ ነው አባዬ" አለች፤ እንባዋ መጣ። "አጠብኳቸውና ለቀቀ። ከዚያ ዝም ብዬ አሰመርኩ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም።"

እናቷ እሳቱን አጠፋች። አልጮኸችባትም። "ጎጆ ያሉትንም አምጪ፤ እንዳይበርዳቸው በእጅሽ ሳይሆን በመሀረብ ጠቅልለሽ። ቶሎ!"

ሁሉም ጨለም ወዳለው ዕቃ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። እናቷ የስልኳን መብራት አብርታ እንቁላሉን አንድ በአንድ ላዩ ላይ አቆመች። ጫጩት የሌለው ወለል ብሎ አበራ። ጫጩት ያለበት ግን ውስጡ ጠቁሮ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ ሥሮች ታዩበት። ልትሰብረው የነበረው እንቁላል ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ንቅንቅ አለ። 

ፊት የተሳለበት የድቡሽ እንቁላል ተራው ደረሰ። ወለል ብሎ አበራ። ባዶ ነው።

"የኔ ጫጩት የት ሄደ?" አለ ድቡሽ።

"አልሄደም። ፊቱን የሳልኩት በሌላ ላይ ነው" አለች ድንቢጥ።

"የኔ የትኛው ነው ታዲያ?"

አንዱን አንስታ "ይሄ ነው" ብትለው ያምናት ነበር። ልጆች፣ ይህ ከሁሉም የከበደው ነበር።

"አላውቅም ድቡሽዬ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ድቡሽ አለቀሰ። ማታ አጠገቧ አልተቀመጠም፤ በማግሥቱም እንዲሁ። አባቷ በዚያው ቅዳሜ ጫጩት ባለባቸው ላይ በእርሳስ አዲስ መስመር አሰመረና ጎጆ መለሳቸው፤ እርሳሱን ይዛ የቆመችለት ድንቢጥ ናት። ከዚያ በኋላ ከዶሮዋ ጋር አብረው ጠበቁ።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አንድ እንቁላል ሳይፈለፈል ቀረ። ውሃው አብርዶት ይሁን ሌላ፣ ያወቀ የለም። ድንቢጥ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። ድቡሽ አጠገቧ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

"የኔ ይሄ ይሆን?"

"ሊሆን ይችላል።"

አሰብ አደረገ። "ካልሆነስ?"

"ካልሆነ ከነዚያ አንዱ ነው።"

ድቡሽ ተነስቶ ሄደ። አንዷን እርጥብ ጫጩት በሁለት እጁ አቅፎ ተመለሰና፣ "ያዥልኝ፤ ግን እንዳታጥቢያት" አላት።

ልጆች፣ ጥፋታችንን በአዲስ ምልክት ብንሸፍነው ጥፋቱ ከሥሩ ይቆያል፤ ፈጥነን እውነቱን ብንናገር ግን ገና ያልጠፋውን እናድናለን።