የብርቱካን ሥዕል ያለበት ጠርሙስ

«አልቀዳም አልኩ እኮ!»

ልጅቷ የበረኪናውን ጀሪካን መሬት ላይ ዱብ አደረገችው። ክዳን ታጠብቅ የነበረችው አክስቷ ቀና አለች። በረኪና በጅምላ እያመጣች፣ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ እየሞላች ለጎረቤት መሸጥ ከጀመረች ቆይታለች። ከትምህርት ቤት መልስ የመቅዳቱ ሥራ የልጅቷ ነው።

«ምን ነካሽ ዛሬ?»

«ድንቡሼ አፉ ውስጥ ከቶት ነበራ!»

ድንቡሼ የአክስቷ ልጅ ነው፤ ገና መራመድ የጀመረ፣ ያገኘውን ሁሉ ካልቀመስኩ የሚል ጉድ። ቅድም፣ ልጅቷ እያየችው፣ የብርቱካን ሥዕል ያለበትን ጠርሙስ በሁለት እጁ አንስቶ ክዳኑን ይጠባ ነበር። ስትነጥቀው ቤቱን በለቅሶ አቀለጠው። እሱ ምን ያውቃል? ጁስ የከለከሉት ነው የመሰለው።

«ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ ምንም አልሆነም። አታካብጂ!»

«የእኛ ጥብቅ ነው። ሰው ቤት ልጆች ክፍት ሆኖ ቢያገኙትስ? ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ መንታ ልጆች አሏት። ትናንት ሁለት ጠርሙስ የሰጠኋት እኔ ነኝ። በእጄ!»

ዓይኗን አልሰበረችም።

«አንቺ ነሽ ለእኔ ሥራ የምታስተምሪኝ? ወይ ትቀጃለሽ፣ ወይ እናትሽ ጋ ደውዬ ‹ነይና ልጅሽን ውሰጂ› እላታለሁ!»

የልጅቷ እናት ያለችበት አገር ሩቅ ነው፤ ከሄደች ትምህርቷ መሀል ላይ ይቋረጣል። ቢሆንም ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ዘረጋችላት።

«ደውይላት። ለምን እንደሆነም ንገሪያት።»

አክስቷ ስልኩን ተቀበለች፤ አልደወለችም። በዚህ መሀል ድንቡሼ እየተንገዳገደ መጥቶ እናቱ እግር ሥር ያለውን ሌላ ጠርሙስ እቅፍ አደረገ።

«ዱስ!» አለ ደስ ብሎት።

አክስቷ ብድግ አድርጋ አነሳችው። እጁን አሸተተች፤ ከዚያ አፉን። ፊቷ አመድ መሰለ።

ልጅቷ እሺታዋን አልጠበቀችም። የተሞሉትን ጠርሙሶች ወደ ጀሪካኑ ገለበጠች፤ እየጎተተች ጓዳ አስገብታ ቆለፈችበትና ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ዘንቢል አንስታ ወደ በሩ አመራች።

«ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?»

«የሰጠሁትን ልሰበስብ።»

«አብዳለች ይሉሻል!»

«ይበሉኛ!»

ልብስ ሰፊዋ ደጅ ስትደርስ መንትዮቹ ውስጥ ሲንጫጩ ይሰማል። በሩን በጡጫዋ ደበደበችው።