ዳገቱን ከእኔ ጋር የወጣችው

በዚያ ማለዳ በቦታው የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ኑርዬ፣ ገበያው ዳር ጎማ የሚለጥፈውና ብስክሌት መንዳት ያስተማረኝ ሰው፣ ከዳገቱ ሥር ድልድዩ ላይ ፖምፓውን ይዞ ቆሟል። መምሬ አያሌው ከዳገቱ እኩሌታ ላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ታላቅ እህቴ ከዳገቱ ራስ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ዣንጥላዋን ተመርኩዛ ትጠብቃለች። እኔ ብስክሌቴ ላይ ነኝ። አራት ነን ብዬ ነው የምጽፈው፣ አምስት ነበራችሁ የሚል ካለ እሱ ይጻፍ። ይህን ያስቀደምኩት ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ነው፣ ማን የት እንደነበረ ያልተጻፈበት ወረቀት ለምንም አይረባም።

ደግሞም እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሴት አይደለሁም። ጎረቤቶቼ ስለ ቆሌ፣ ወንዝ ዳር ስለምትታይ ሴት፣ የሰው ስም ጠርቶ ስለሚሰወር ድምፅ ማውራት ሲጀምሩ ተነሥቼ ዕቃ አጥባለሁ። ባለቤቴ በሞተ ሰሞን እንኳ፣ ሰው ሁሉ «አላየሽውም? በሕልምሽ አልመጣም?» ሲለኝ፣ አልመጣም ብዬ እቅጩን ነው የተናገርኩት። እመኑኝ፣ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ለእሱም ዕቃ አጥብበት ነበር።

በልጅነቴ ሯጭ ነበርኩ። በትምህርት ቤት ስምንት መቶ ሜትር እሮጥ ነበር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሩጫው ግን አልለቀቀኝም። ጎሕ ሳይቀድ ነጠላዬን አሸርጬ እወጣለሁ፣ ሰው መንገዱን ሳይሞላው እመለሳለሁ፣ ከቤተሰቤ በቀር ያወቀብኝ አልነበረም፣ ባለቤቴም ነፍሱን ይማረውና ላቤን እየጠረግሁ ስገባ «ዛሬስ ማን አሳደደሽ?» ይለኝ ነበር። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የቀኝ ጉልበቴ እምቢ አለ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርጄ ሁለት ሳምንት ተነከርኩ፣ ሕመሙ ቀለል አለ፣ ሐኪሙ ግን ሩጫ የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም አለኝ። ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። ስለ እነዚያ ሁለት ዓመታት የምጽፈው የለኝም።

ከዚያ ልጄ ከባሕር ዳር አንድ ያገለገለ ብስክሌት በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ላከልኝ፣ ጉልበት አይጎዳም ብለውት ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ ሴቱም ወንዱም ይነዳል፣ ደብረ ታቦር ግን ከቤትህ ወጥተህ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ቢሆንም ገበያ በማይቆምበት ቀን ከኑርዬ ጋር ገበያው ሜዳ ላይ ጀመርን።

«እትዬ፣ ጎማውን አይዩ፣ ወደ ፊት ይዩ» ይለኛል።

«ወደ ፊትማ አጥር ነው ያለው።»

«አጥሩን አይፍሩት፣ እሱ ቆሟል። የሚሄዱት እርስዎ ነዎት።»

ሦስት ጊዜ አጥሩ ውስጥ ገባሁ። ከሁሉ ያስቸገረኝ ወደ ኋላ የመዞር ልማዴ ነው፣ ሰው ሲጠራኝ ዞር ስል መሪውም አብሮኝ ይዞራል፣ «የኋላዎን ለኋላ ይተዉት፣ ከዞሩ ወደቁ» እያለ ኑርዬ ጮኾ ጮኾ ጉሮሮው ዘጋ። የባጃጅ ሾፌሮች በበኩላቸው ሥራ ፈቱ። አንዱ መንገድ ዘግቶ «እማማ፣ መንጃ ፈቃድ!» አለኝ። «አስቀድመህ ያንተን አሳየኝ» ስለው ጓደኞቹ ሳቁበት፣ እሱም አሳለፈኝ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሲያየኝ ጡሩንባ እየነፋ ያጅበኛል። በአምስተኛው ሳምንት ከቀበሌው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ለቀቅ አደረግሁት፣ ነጠላዬ ከኋላዬ ተነሣ፣ ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ደስ አለኝ። ከዚህ በላይ አልልም።

ወሬው አንበሳሜ ደረሰ፣ እህቴ በማግሥቱ መጣች። እታለም ነው የምላት፣ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝም እሷ ናት።

«ስድሳ ዓመትሽ ነው» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ስድሳ አንድ።»

«እሰይ፣ ጨምሪበት! ወገብሽ ቢሰበር ማን ያነሣሻል? ልጅሽ ሩቅ ነው፣ እኔ አሮጊት ነኝ። ነይ አንበሳሜ እንሂድ፣ ክፍሉን አስለስኜልሻለሁ፣ ወንበርም አለ።»

ያንን ወንበር አውቀዋለሁ። ከግድግዳው ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው፣ እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ከገብስ ጆንያ የሚለየው ምሳ ስለሚበላ ብቻ ነው። እህቴ ክፉ አይደለችም፣ ስለምትወደኝ ነው የፈራችው፣ ለዚህም ነው እምቢ ማለት የከበደኝ። ሁለት ቀን ተከራከርን፣ በመጨረሻ ወደ ጋሳይ የሚወስደውን ዳገት በመስኮት አሳየችኝ።

«ከድልድዩ እስከ ባሕር ዛፎቹ፣ እግርሽ መሬት ሳይነካ ከወጣሽ ዳግመኛ አልናገርሽም። ከነካ ብስክሌቱ ለኑርዬ፣ አንቺ ለእኔ።»

«እሺ» አልኳት።

እንግዲህ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል፣ ይሳለማል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚወጣው፣ ባለ ማዕረግም ሆነ ሙሽራ ከዚህ የሚያመልጥ የለም። እኔም ብስክሌቱን ከበቅሎ ለይቼ አላየሁትም፣ የትም ስሄድ ደጃፉ ላይ እወርዳለሁ። ያንን ዳገት ግን ሁልጊዜ ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ ነበር የምወጣው፣ ስለዚህ ስንዋዋል እኔ ያሰብኩት ጉልበቴን፣ እህቴ ያሰበችው ወገቤን፣ የኪዳነ ምሕረትን በር ያሰበ ማንም አልነበረም።

የመስከረም መጨረሻ ነበር። ከጉና የወረደው ጉም መንገዱን ሞልቶታል፣ ከድልድዩ ላይ ሆኜ አሥር እርምጃ አላይም። ኑርዬ ጎማዎቹን ነፋልኝ፣ ማርሹን ዝቅ አደረገልኝ፣ «ቢስሚላህ» አለ፣ እኔም በስመ አብ ብዬ ተነሣሁ። እመኑኝ፣ በደንብ ነው የወጣሁት። ጉልበቴ ዝም አለ፣ ትንፋሼ ልኩን ያዘ፣ እንዲያውም የልጅነቴን አቆጣጠር፣ አራት ማስገባት አራት ማስወጣት፣ ሳላስበው እየቆጠርኩ ነበር። ከዚያ በጉሙ ውስጥ ጉልላቱ ታየኝ።

አንድ ነገር ልናገር፣ እህቴ ከላይ ሆና ልታየኝ አትችልም። መምሬም ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ማለፍ እችል ነበር። ወረድኩ፣ ብስክሌቱን ከወገቤ አስደግፌ ሦስት ጊዜ ሰገድኩ፣ ቀና ስል እንደተሸነፍኩ ገባኝ። እግሬ መሬት ነክቷል። ቢሆንም ጨርሼ ለመግባት ያህል ልውጣበት ብዬ ሞከርኩ፣ ሽቅብ ላይ ቆሞ መነሣት ግን የቀኝ ጉልበት ይፈልጋል፣ ብስክሌቱ ወደ ኋላ ሸሸብኝ። ደገምኩ፣ ወደ ቦዩ ወሰደኝ። ሦስተኛውን ሳልሞክር ቆምኩ። የአንበሳሜው ወንበር ከነድጋፉ ታየኝ።

ያን ጊዜ ነው ኮቴ የሰማሁት። ከታች፣ ከድልድዩ በኩል፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ባዶ እግር፣ ጠፍ ጠፍ፣ ጠፍ ጠፍ፣ ቀለል ያለ፣ ዳገት የሚወጣ የማይመስል። ግራው ከቀኙ ትንሽ ጠንከር ብሎ ያርፋል። ኑርዬን በኋላ ጠይቄዋለሁ፣ የተለጠፈ ጎማ አዲስ ነው ብሎ የማይሸጥ ሰው ነው፣ «ወላሂ እትዬ፣ ከእርስዎ በኋላ ድልድዩን የተሻገረች አንዲት አህያ ናት፣ እሷም ወደ ከተማ ነው የገባችው» ብሎኛል።

ኮቴው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። አንድ እጅ የብስክሌቴን መቀመጫ ያዘ።

«ውጪ፣ ይዤልሻለሁ» አለችኝ።

የወጣት ሴት ድምፅ ነው። ለትልቅ ሰው እርካብ ይዞ ማስወጣት የአገር ወግ ነውና አልገረመኝም፣ የገረመኝ አንቺ ማለቷ ነው። ከእህቴና ከመምሬ በቀር አንቺ የሚለኝ የለም፣ ያቺን የምታህል ልጅማ አንቱ ሳትል አፏን አትከፍትም። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፣ ቁጣው ግን አልመጣልኝም። ወጣሁ፣ ፔዳሉን ረገጥኩ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ተነሣ።

አልዞርኩም፣ ከዞርኩ እንደምወድቅ አውቃለሁ። በዓይኔ ጠርዝ ያየሁት ክንዷን ብቻ ነው፣ አረንጓዴ የእጅ ሥራ ሹራብ፣ አንጓው ላይ ቀይ። የማውቀው ሹራብ መሰለኝ፣ ዳገት ላይ ግን ሰው ብዙ አያስብም።

«ለምን ተውሽው?» አለችኝ እየሮጠች።

«ምኑን?»

«ሩጫውን ነዋ።»

እንዴት አወቅሽ ማለት ነበረብኝ። «ጉልበቴ» አልኳት።

«ይሄኛውስ? ደስ ይላል?»

«ደስ ይላል።»

«ለእኔ ብለሽ ነው?»

«እውነቴን ነው። በጣም ደስ ይላል» አልኩ፣ ይህን ቃል ጮኽ ብዬ ለሰው ስናገር በስንት ዘመኔ እንደሆነ አላውቅም። ልጅቱ ሳቀች፣ እኔንም ሳቄ አመለጠኝ፣ ስስቅ መሪው ተወዛወዘ፣ «ኧረ ጣልሽን!» ስትለኝ ባሰብኝ፣ እንዲያ እየተንከተከትን ወጣን። ቅልል አለኝ። የገፋችኝ አይደለም፣ እጇ መቀመጫው ላይ አርፎ ነበር እንጂ አልገፋችኝም፣ ይህን ለይቼ አውቃለሁ። መምሬ በሳምንቱ አግኝተውኝ «ከልጅሽ ጋር ስትስቁ ሰማኋችሁ፣ እሰይ ነው ያልኩት» አሉኝ። ሴት ልጅ የለኝም አልኳቸው። አማተቡና ስለ ስንዴው አጨዳ ጠየቁኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ያንን ዳገት ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ደጃፉ ላይ ወርጄ ስሳለም ጆሮዬ ወደ ታች ይሄዳል፣ አንዳንድ ቀን ጉም ካለ ከመውጣቴ በፊት ትንሽ እቆያለሁ፣ ለምን እንደምቆይ ግን ራሴን አልጠይቅም።

እህቴ ዳገቱ ራስ ላይ ቆማለች፣ ዣንጥላዋ መሬት ወድቋል። ፍሬን ይዤ ወረድኩ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ ነገሩን ልጨርሰው ብዬ «እታለም፣ እግሬ ነክቷል። ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ወርጃለሁ» አልኳት።

«ሳትወርጂ አልፈሽ ቢሆን ኖሮ ነበር ቤቴ የማላስገባሽ» አለች። «ብስክሌትሽ ያንቺ ነው። እኔም እንደ ልጅነትሽ ስትስቂ ሰምቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ብናገርሽ ምላሴን ይያዘው።»

ይህን ስትል ግን እኔን አላየችም፣ ከትከሻዬ በላይ አሻግራ ነው የምታየው፣ ክንዴንም ጨምድዳ ይዛለች።

«ያቺ ልጅ ማናት?»

አሁን መዞር ይቻላል፣ ዞርኩ። ከእኛ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ፣ ጉሙ ከሚጀምርበት ላይ፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ዐሥራ ስምንት ቢሆናት ነው። ያን ሁሉ ዳገት ሮጣ ደረቷ ከፍ ዝቅ አይልም። ፊቷን አየሁት። ስለ ፊቷ አልጽፍም።

«ሹራቡን አየሽው?» አለችኝ እህቴ በሹክሹክታ።

«አየሁት።»

«አረንጓዴው ክር አልበቃ ብሎኝ ነው በቀይ የጨረስኩልሽ። ተርትሬው እኮ፣ ልጅሽ ሲወለድ ተርትሬ ካልሲ ሠርቼበታለሁ!»

«አውቃለሁ፣ እታለም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ እህቴ ይህን ነገር አንሥታብኝ አታውቅም፣ ሳነሣባትም ወሬ ትለውጣለች። ያን ጊዜ ግን እህቴ እህቴ ናት፣ ቆሞ የቀረን ሰው ቤት ግባ ሳትል ማለፍ አትችልም፣ «ነይ ልጄ፣ ብርድ ነው፣ ከእኛ ጋር ቤት እንግባ» አለቻት።

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ብስክሌቱን ከፊት ጎማው እስከ ኋላው ቀስ ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ፈገግ አለች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ዞረች፣ ቁልቁል ሮጠች፣ ሄደች።