ጋሽ መዳብን የገደለው ውሃ

ጋሽ መዳብ ሞት የደረሰባቸው ጆሯቸውን ወደ ጋለው ጥቅል አስጠግተው ሲያዳምጡ ነው። መርማሪዋ ሸራውን ገለጥ አድርጋ ፊታቸውን አየችና «አዬ አባቴን!» ብላ መልሳ ሸፈነችው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ መዳብ ሲጠመጥሙ ስለኖሩ ነው ስሙ የወጣላቸው። የመጨረሻ ሥራቸው ፀሐይን የመሰለ እሳት አቅፎ የሚይዝ ማግኔት ነበር፤ በውስጡ ውሃ የሚሄድበት ወፍራም የመዳብ ጥቅል። ኤሌክትሪክ በተለቀቀበት ቁጥር ይግላል። ያኔ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ቆይቶ ቀዝቃዛ ይገባለታል። «የጋለ መዳብ እንደ ተቆጣ ሰው ነው፤ ቀስ ብለህ አናግረው» ይሉና ውሃው ሲገባ ድምፁን ለመስማት ጆሯቸውን ወደ መጋጠሚያው ያስጠጉ ነበር። ዛሬ ግን ቧንቧው መጋጠሚያው አጠገብ ተሰንጥቆ እንፋሎቱ ለበለባቸው።

በአዳራሹ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ መጋጠሚያውን የበየደው በያጅ፣ ውሃውን የከፈተችው የሟቹ ልጅ፣ እንዲሁም ሟቹ ከሕፃንነቱ ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ፣ የአሁኑ ኃላፊ።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ» አለችው መርማሪዋ በያጁን።

«ብየዳህ የዶሮ ኩስ ይመስላል አሉኝ። ሁሌም እንዲሁ ነው የሚሉኝ።» እንባውን በክንዱ ጠረገ። «አሁን ማን ይሰድበኛል? ደግሞ ብየዳዬ ከሆነ የፈነዳው ምን ይውጠኛል!»

ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት፤ እሰሩኝ።»

«ምን አድርገሽ፣ ልጄ?»

«ለብ ያለውን እንደ ወትሮዬ ቀስ አድርጌ ከፈትኩ። ከዚያ አባዬ ጮኸ። እጄ ነው እኮ የከፈተው!»

ኃላፊው መርማሪዋን ቆሞ ነው ያነጋገራት። «እንግዶች ሁለተኛውን ሙከራ ለማየት ውጭ ይጠብቁ ነበር። ልጅቷ ተደናግጣ ይሆናል። በጋለ መዳብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ተለቆበት ምን ይጠበቃል?»

መርማሪዋ ወደ ጥቅሉ ሄደች። የመግቢያውን ቧንቧ በጣቷ ዳሰሰች፤ ስንጥቁን አጎንብሳ ብዙ አየች። ከዚያ ሁሉንም ጠራች።

«ብየዳው አልተነካም፤ የተቀደደው ከጎኑ ያለው መዳብ ነው» አለችው በያጁን። «አንተ እፎይ በል። ሙቀት በዝቶበት ቢሆን ደግሞ ውሃው ግሎ በሚወጣበት በኩል ይሰነጠቅ ነበር። የተሰነጠቀው በመግቢያው ነው። ያ ጫፍ ድንገት ቀዝቅዞ ሲኮማተር ሌላው እንደጋለ ነው፤ መዳቡ እርስ በርሱ ተጓትቶ ተቀደደ።»

ወደ ልጅቷ ዞረች። «የመግቢያው ቧንቧ ከውጭ አልቦታል። ለብ ያለ ውሃ የያዘ ቧንቧ አያልበውም። አንቺ የለመድሽውን ነው የከፈትሽው፤ ከጀርባሽ ውሃው የሚመጣበትን ታንከር ለብ ካለው ወደ ቀዝቃዛው የቀየረ ሰው አለ።»

«ማን?»

«አንቺ ለብ ያለ ነው አልሽኝ፤ በያጁ ብየዳውን ፈራ። እኔም ያየሁትን ለማንም አልተነፈስኩም። ሳልጠይቅ ቀዝቃዛ ውሃ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ኃላፊው።»

ኃላፊው ወደ ሸራው ዞረ። «ቶሎ እንዲበርድ ብዬ ነው... እንግዶቹ እንዳይሄዱ። አጎቴን ልገድል? እኔ?»

«ጆሯቸውን የት እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር። በዚያች ሰዓት ረሳሁት።»

«መርሳቱስ ይሁን። በእሷ ማላከክዎን ምን እንበለው?»

መርማሪዋ ካቴናውን አወጣች። ልጅቷ ከመሬት ተነሳች፤ በያጁ ኃላፊውን ትመታዋለች ብሎ ሊይዛት ተጠጋ። እሷ ግን አልነካችውም።

«እስከ ነገ ይተዉልኝ» አለች መርማሪዋን። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። «ነገ ሬሳውን ከፊት ሆነህ የምትሸከመው አንተ ነህ። አባዬ ሌላ ወንድ ልጅ የለውም።»